ፈተናው እስኪያልቅ

ይድረስ ለእህቴ ለፍቅርአዲስ፣ ኩዌት።

እንደምን ሰነበትሽልኝ እህቴ፣ ሙቀቱስ እንደምን ይዞሻል፣ ያ የወገብሽ ሕመምስ ተወት አደረገሽ ወይ? እኛ ደህና ነን፤ ልጅሽ ማርቲም ደህና ናት። ይህን በስልክ ያልነገርኩሽ ማርቲ ስልኬን ስለምትከፍተው ነው። ወረቀቱን ከእረፍቷ ወደዚያ ለምትመለሰው ለዳጊ እሰጣታለሁ፤ ከቀፊራ ገበያ የገዛሁልሽን በርበሬም ይዛለች።

ጎረቤታችን ዐስሊ ኩላሊቷን ታማለች ብዬሽ አልነበር? ሐምሌ ላይ ሞተች። ታይዋን ገበያ የነበረው የልብስ ሱቋ ተዘግቷል። ልጇ ሳላሕ ባጃጁን ይነዳል። የታናሽ እህቱን የሂንዳን ነገር ግን ቁጭ ብዬ ልጻፍልሽ።

ከየካቲት ጀምሮ ሂንዳና ማርቲ ለአስራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና የሚያጠኑት እኛ ግቢ ነበር። ፀሐዩ ሳይበረታ ገና አስራ አንድ ሰዓት ላይ እቀሰቅሳቸዋለሁ። ስልካቸውን ሳጥኔ ውስጥ ቆልፌ፣ የመልስ ወረቀቱን ይዤ ፊታቸው እቀመጣለሁ። መቼም እኔ ከስድስተኛ ክፍል አላለፍኩም፤ ቢሆንም ኤና ቢን አውቃለሁ። "አስራ ሰባት" ስላቸው ማርቲ ሂንዳን ሂንዳን ታያለች። "አቦ ማርቲ፣ መልሱ እኔ ፊት ላይ አልተጻፈም" ስትላት በሳቅ እንሞት ነበር።

ለፈተናው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው ነው የሚያድሩት፤ ስልክ አይያዝም። ሂንዳ እናቴን ትቼ አልሄድም አለች። "ሆዮ ከባሰባት ትጠሪኛለሽ?" አለችኝ፤ እናቷን ሆዮ ነበር የምትላት። በጊዮርጊስ ምዬላት ሄደች።

እሁድ ዕለት ዐስሊ ባሰባት። ሂንዳን አምጡልኝ አለች። ነገ ትመጣለች አልኳት፤ ፈተናው እስከ ረቡዕ እንደሆነ እያወቅሁ። በሩን በሩን ስታይ አድራ ሰኞ ጠዋት አረፈች። ሳላሕ ባጃጁን አስነስቶ፣ ግማሽ ሰዓት መንገድ ነው፣ ላምጣት ሲል ቁልፉን ከእጁ ወሰድኩበት። የዓመት ልፋቷን ልታጠፋባት ነው ወይ፣ እኛስ የአባታችንን መርዶ ለፍቅርአዲስ ኮንትራቷ እስኪያልቅ ስምንት ወር ይዘን የለም ወይ አልኩት። "እኛ ዘንድ እንዲህ አይደረግም" አለኝ፤ ግን የእናቱ ወዳጅ ነኝና ሊጋፋኝ አልደፈረም። በእነሱ ሬሳ አያድርምና ከሰዓት ቀበሯት። እውነቱን ላንቺ ልንገርሽ፤ ሂንዳ ከወጣች ማርቲ ብቻዋን አንድ ጥያቄ አትሠራም ብዬ ነው።

ሐሙስ ሂንዳ ከበሩ ጀምራ "ሆዮ፣ ሒሳቡን አንድ ሳላስቀር ሠራሁት" እያለች ገባች። ሴቶቹ ለለቅሶ ምንጣፉ ላይ ተቀምጠናል። አንድ በአንድ አየችን።

"መቼ?" አለች።

ሳላሕ "ሰኞ" አላት።

"ሰኞ ሒሳብ ነበር" አለች። አላለቀሰችም። ላቅፋት ስነሳ እጄን ቀስ አድርጋ ከትከሻዋ ላይ አወረደችው።

ውጤቱም መጣ። ሂንዳ አልፋለች። ማርቲ አላለፈችም፤ ዘንድሮ በግል ትፈተናለች። አትቆጪያት፣ እህቴ፣ ስታለቅስ ነው የሰነበተችው።

አብራሽ ለምትኖረው ለሁዶ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ የምታሳድጊያቸውን ልጆች ጉንጫቸውን ሳሚልኝ። ባለቤቴ በቀለ መድኃኒትሽን እንዳታቋርጪ ብሎሻል። ማርቲ ለማን እንደምጽፍ ባታውቅም ሁሌ ስምሽን እንዳነሳች ነው።

ይህን ጽፌ ልዘጋ ስል ሂንዳ መጣች። ከእናቷ ሞት ወዲህ ደጃችንን ስትረግጥ የመጀመሪያዋ ነው። ዩኒቨርሲቲ እስኪጠሩኝ ማርቲን በየጠዋቱ አስጠናታለሁ አለች። ወረቀቱን አይታ ለማን ነው ስትለኝ ላንቺ እንደሆነ ነገርኳት። ወገቧ ተሻላት ወይ አለች፤ ገና ነው አልኳት። ማርቲ ሕመሟን ታውቃለች ወይ አለች፤ አታውቅም፣ ጥናቷን ይረብሻታል አልኳት። የመልስ ወረቀቱን ከሳጥኔ ላይ አንስታ አቧራውን በእጇ ጠረገችለት።

"እንግዲያው ጻፊላት፣ እትዬ የኔነሽ" አለችኝ። "እሷ አንድ ነገር ብትሆን እንኳ ማርቲ ፈተናዋን ሳትጨርስ አንነግራትም። አታስቢ በያት።"

እህትሽ የኔነሽ
ድሬዳዋ፣ መስከረም 18 ቀን 2018 ዓ.ም.