ያልሳተችው መርፌ

ውድ ጋሼ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ደህና ነኝ እንዳልልዎ ስምንት ወር ሙሉ ደህና አልነበርኩም፤ ደህና አይደለሁም እንዳልል ደግሞ ካለፈው ረቡዕ ጀምሮ መሬት አልበቃኝም። ስለዚህ ሰላምታውን ላሳጥርና ወደ ነገሬ ልግባ።

ረቡዕ ዕለት ከፋብሪካ የምናስመጣቸው ኤሌክትሮዶች፣ በእርስዎ አጠራር መርፌዎቹ፣ አለቁብን። ሳህኑ ላይ ያሉት የአንጎል ሕዋሳት እስከ ማግስቱ አይቆዩልኝም። ቢጨንቀኝ መሳቢያዎን ከፈትኩ። ስድስት መርፌዎች በጥጥ ተጠቅልለው ተኝተዋል። ክርንዎን ጠረጴዛ ላይ አስደግፈው፣ ትንፋሽዎን ይዘው፣ የካርቦን ክር በብርጭቆ ቱቦ ውስጥ እያሳለፉ ከሃያ ዓመት በላይ ከሠሯቸው ሁሉ የመጨረሻዎቹ ናቸው። እኔ "ተበላሽተዋል" ያልኳቸው።

የዛሬ ስምንት ወሩን ያን ቀን ያስታውሱታል፤ እኔም አልረሳሁትም። ስብሰባ ላይ ኃላፊያችን ዶፓሚን የተባለውን የአንጎል ኬሚካል የለካሁበትን ውጤት እያዩ "ዶፓሚኑን ሕዋሷ አጠገብ ጠብ ስታደርጊ የስክሪኑ መስመር ይወጣል፤ ታዲያ ወዲያው የሚወርደው ለምንድን ነው?" ብለው ጠየቁኝ። ማሰብ ሲገባኝ አፌ ቀደመኝ። "መርፌዎቹ ናቸው። የጋሼ እጅ መንቀጥቀጥ ጀምሯል" አልኩ። ለካ እርስዎ ከኋላዬ ቆመዋል! ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ። እርስዎ ግን ፈገግ ብለው "ልክ ነሽ ልጄ፣ እጅም ያረጃል" አሉና ጋዎንዎን አጣጥፈው ወንበሩ ላይ አስቀመጡ። በሳምንቱ ጡረታ ወጡ።

እና ረቡዕ አንዷን አወጣሁ። መጀመሪያ ሕዋስ በሌለበት የጨው ውሃ ውስጥ ነከርኳት። ያን ጊዜ ማድረግ ሲገባኝ "ጊዜ የለኝም" ብዬ የዘለልኩት ሙከራ ነው። ዶፓሚን ጨመርኩ። መስመሩ ወጣ፤ ወጥቶም ቀጥ ብሎ ቆመ። መርፌዋ ምንም አልሆነችም።

ቀጥዬ ወደ አንዷ ሕዋስ አስጠጋኋትና ጠብ አደረግኩ። ወጣ፤ ወረደ። ደገምኩ። ወጣ፤ ወረደ። ከዚያ ሕዋሳት ዶፓሚንን ወደ ውስጥ እንዳያስገቡ የሚያግደውን መድኃኒት ጨመርኩ። መስመሩ ወጣ። ጠበቅኩት፤ አልወረደም። ሳላውቀው ከወንበሬ ተነስቼ ቆሜያለሁ።

ጋሼ፣ ሕዋሷ ዶፓሚኑን በሽፋኗ በኩል ወደ ውስጥ እየሳበች ነበር! የአንጎል ሕዋሳት የሚላላኩበትን ያንን ኬሚካል፣ በዚህ ለጋ ዕድሜያቸው መልሰው መሰብሰብ አይችሉም ስንል የኖርነው እኛ ነን። የፋብሪካዎቹ መርፌዎች ወፍራም ስለሆኑ ራቅ ብለው ነው የሚቆሙት፤ አያዩትም። የእርስዎ መርፌ ግን ከፀጉር አሥር እጥፍ ቀጥና፣ የሕዋሷ ሽፋን ሥር ደርሳ፣ ውጭ ምን ያህል ዶፓሚን እንደቀረ በየቅጽበቱ በኤሌክትሪክ ትነግረናለች። "የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" እያሉ ይቀልዱብኝ አልነበር? ይኸው በዓይን የማትታይ ፍጥረት የፈሰሰውን ምንም ሳትደናገር ስትለቅም አየሁ። አለቀስኩ። የጽዳት ሠራተኛዋ ደንግጣ "ማን ሞተብሽ?" ብትለኝ፣ "ኧረ ማንም አልሞተም፣ ነይ እዪ!" ብዬ ጎትቼ አሳየኋት፤ ምን እንደሆነም ነገርኳት። ጎንበስ ብላ አየችና "ይሄን ሁሉ የሚሠራው ውስጣችን ነው፣ ደከመን የምንለው እኛ?" አለች። ከዚያ የተሻለ ነገር እኔም አላገኘሁለትም።

ሰኞ ስብሰባ ላይ ተነስቼ ሁሉንም ተናገርኩ። ኃላፊያችን መነጽራቸውን አውልቀው "ለእሳቸውስ ማን ይነግራቸዋል?" አሉ። "የተናገርኩት እኔ፣ የምመልሰውም እኔ" አልኩ። በምናሳትመው ጽሑፍ ላይ ስምዎ ከስሜ ይቀድማል። ይሄ ሐቅዎ ነው እንጂ ይቅርታዬ አይደለም። ለይቅርታው ቅዳሜ ጠዋት ራሴ እመጣለሁ፤ ቢቆጡኝም ቁጭ ብዬ እሰማለሁ።

የእጅዎ መንቀጥቀጥ እውነት ነበር፣ ጋሼ። መርፌዎቹን ያበላሸሁት ግን እኔ ነኝ፤ ሳልነካቸው፣ በአፌ።

አክባሪዎ፣
ችኩሏ ልጅዎ