ለተቆለፈው የፓምፖች ሶፍትዌር ከሀርጌሳ የቀረበ አቤቱታ

ቀን፦ መስከረም 12 ቀን 1997 ዓ.ም.
ሀርጌሳ

ለሸዋፈራ የፋብሪካ መቆጣጠሪያ መሣሪያዎች አስመጪ ድርጅት
ለተከበሩ ዋና ሥራ አስኪያጅ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የተቆለፈብኝ የመገናኛ ሶፍትዌር እንዲከፈትልኝ ለሦስተኛ ጊዜ ስለመጠየቅ

1. እኔ አመልካች ሀይደር ኸሊፋ የደሴ ልጅ ነኝ። በሙያዬ የኤሌክትሪክ ቴክኒሻን ስሆን፣ በማሕሙድ ሃይቤ ወረዳ የውኃ ፓምፖችን እንድተክል በሰፈሩ ሽማግሌዎች ተቀጥሬ እሠራለሁ። በጦርነቱ የፈራረሰውን የውኃ መስመር እዚህ የሚጠግነው ሕዝቡ ራሱ ነው። ከድርጅትዎ ከገዛናቸው አራት የፓምፕ መቆጣጠሪያዎች (ኮንትሮለሮች) ሦስቱ በጉድጓዶቹ፣ አንዱ በታንከሩ ላይ ተተክለዋል።

2. ታንከሩ ሲሞላ ፓምፖቹ በራሳቸው እንዲጠፉ ኮንትሮለሮቹ እርስ በርስ መገናኘት አለባቸው፤ ለዚህም ሁለት አማራጭ ነበረን፤ በኬብል ወይም በሬዲዮ። ኬብል ብንቀብር ሌቦች መዳቡን ቆፍረው እንደሚወስዱት ስለማውቅ ሬዲዮውን መረጥኩ። በዚህ አልተሳሳትኩም። የተሳሳትኩት የሬዲዮውን ሶፍትዌር ሳስመዘግብ ነው።

3. ምዝገባው አገር ይጠይቃል፤ በዝርዝሩ ውስጥ ከሶማሊያ ተለይታ ዕውቅና ያላገኘችው ሶማሊላንድ የለችም። ዋቢዬ ሐጂ ሮብሌ አደን፣ ድሬዳዋ ነግደው አማርኛ የለመዱ አዛውንት፣ አጠገቤ ተቀምጠው ነበር። «ሶማሊያ» የሚለው ላይ ስደርስ «ልጄ፣ በዚያ ስም የዘመተ ጦር የገደላቸውን ሁለት ልጆች ቀብሬአለሁ፤ ውኃዬ ላይ አትጻፈው» አሉኝ። እኔም «ኢትዮጵያ» የሚለውን መረጥኩ። አገሬ ነውና መዋሸቴ አልታየኝም። ከወር በኋላ የሶፍትዌሩን የመክፈቻ ቁጥር ለመጠየቅ ከዚህ ከሀርጌሳ ለአምራቹ ስደውል፣ ዕቃው ከተመዘገበበት አገር ወጥቷል ብሎ የመገናኛውን ክፍል ቆለፈው።

4. ለሁለቱ አቤቱታዎቼ ከጽሕፈት ቤትዎ ያገኘሁት መልስ፣ የመንግሥት ማኅተም ያለበት ደብዳቤ አምጣ የሚል ነበር። አመጣሁ። የሶማሊላንድ ማኅተም ዕውቅና የለውም ተባልኩ። ከሁለት ያጣ ጎመን ማለት እንግዲህ እኔ ነኝ።

5. ለጊዜው ያለን የመገናኛ አማራጭ ባለቤቴ ሰልዋ ናት። ታንከሩ ላይ ወጥታ ውኃው ሲሞላ በሞባይል ትደውልልኛለች፤ እኔ ከጉድጓድ ጉድጓድ እየሮጥኩ ፓምፖቹን አጠፋለሁ። ባለፈው ሳምንት የስልኳ ባትሪ አልቆ ውኃው ሞልቶ ፈሰሰ። ጄሪካን ይዘው ወረፋ የቆሙ እናቶች እያዩት መንገዱን ሞላው። አፈርኩ፤ እውነቱን ለመናገር አለቀስኩ።

6. እዚህ አገር ጎሳ የሌለው እንግዳ ያለ ዋቢ አይሠራም፤ ዋቢውን አባን ይሉታል። የማጠፋው ሁሉ በሐጂ ሮብሌ ራስ ላይ ነው። ሽማግሌዎቹ የሰጡን ቀጠሮ እስከ ረመዳን መግቢያ ብቻ ነው። ሥራው ካልተጠናቀቀ በጉባኤው ፊት ቆመው የሚወቀሱት እሳቸው ናቸው፤ ቃላቸውም ከእንግዲህ አይታመንም። እኔ ነገ ዕቃዬን ጠቅልዬ ደሴ መግባት እችላለሁ፤ እሳቸው ግን የትም አይሄዱም።

7. ስለዚህ ፈቃዱ በአገር ስም መሆኑ ቀርቶ በኮንትሮለሮቹ መለያ ቁጥር እንዲሰጠኝ ከአምራቹ ጋር ተነጋግረው ይፈጽሙልኝ ዘንድ በትሕትና አመለክታለሁ። ይህ የማይቻል ከሆነ፣ ጥፋቱ የሐጂ ሮብሌ አለመሆኑን የሚገልጽ አንድ መስመር ይጻፉልኝ። ከዚህ ያነሰ ነገር መለመን አላውቅበትም።

በዚህ ላይ መጨመር የሚገባኝ ጉዳይ አለ። ትናንት ከቀትሩ የዙሁር ሶላት በኋላ ሐጂ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። «የፈለጉትን ስም ጻፍላቸው፤ እኔ ፊቴን አዞራለሁ» አሉኝ፤ ፊታቸውንም ወደ ግድግዳው አዞሩ። «ሶማሊያ» ብዬ ሞላሁ። ኮምፒውተሩ አንድ ጊዜ የተመዘገበ አገር አይለወጥም የሚል መልስ ሰጠ። ሐጂ ሳይዞሩ «ተቀበለ?» ብለው ጠየቁኝ። «ኢንሻአላህ» አልኳቸው። እስካሁን እውነቱን አልነገርኳቸውም።

የእርስዎን መልስ ከሚጠብቅ ሰው ሰላምታ ጋር፣

(ፊርማ)
ሀይደር ኸሊፋ