የፍል ውሃው መንገድ መሪ

ጎንደር፣ ቁስቋም
ጥቅምት ፳፰ ቀን ፲፱፻፵፭ ዓ.ም.

ይድረስ ዳባት ላለሽው፣ ለምሳሳልሽ እናቴ።

እንዴት ከርመሻል? ክረምቱስ እንዴት አለፈልሽ? ያ የሚያፍንሽ ሳል ተወሽ ወይ? የጓሮውን ጌሾ በረዶ እንደ መታው ሰምቼ አዘንኩ። እኔ ከግራ ቁርጭምጭሚቴ በቀር ደኅና ነኝ፤ እሱም እየጠገገ ነው። እንዴት እንደ ቆሰለ ልነግርሽ ነው ዛሬ ብዕር ያነሣሁት።

ደብዳቤውን የጻፍኩት በገዛ እጄ ነው። የሚያነብልሽ ባለቤቴ መሪጌታ ኃይለ ጊዮርጊስ ነው፤ ከእሱ በቀር ለማንም እንዳታስነብቢ። ስለ ራሱ ክፉ ቃል ቢያገኝበትም እያነበበ ይስማው።

ከተጋባን አምስት ዓመት ሆነን። በየዓመቱ መስቀል ባለፈ በሳምንቱ ጉልበቴን ቆረጠመኝ ይልና ከድብ ባሕር በታች ወዳለው ፍል ውሃ ይወርዳል። ዐሥር ቀን፣ አንዳንዴም ዐሥራ አምስት ቀን ይቆያል። መጀመሪያ አምኜው ነበር። አምና ግን በመስቀል ዕለት ከሊቃውንቱ ጋር ሲያሸበሽብ ቆሜ አየሁት፤ ጉልበቱ እንደ ጎረምሳ ይታዘዝለታል። ከሦስት ቀን በኋላ ያው ሰው ከወንበር መነሣት አቃተኝ አለኝ።

ልከተልህ ስለው፣ «ውሃው ሰው ይቀቅላል፤ መሬቱም ያታልላል። ያንቺ ቦታ አይደለም» ይለኛል። ቦርሳውን ስፈትሽ ለአንድ ሰው የሚበዛ በርበሬና ቅቤ አገኘሁ። አንድ ዓመትም አዲስ ጋቢ ይዞ ወረደ፤ ሲመለስ ጋቢው የለም። ለጎረቤቴ ለአበቡ ብነግራት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ቆላ ሌላ ቤት ሳይኖረው አይቀርም» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ እህል አልወርድልኝ አለ። ሲስቅ ማንን አስታውሶ ነው እላለሁ፤ ሲተክዝ ማን ናፍቃው ነው እላለሁ።

ዘንድሮ ወገቤን እንደሚያመኝ ለንስሐ አባታችን ነገርኳቸው። ካስወረደኝ ወዲህ ማመሙ እውነት ነው፤ ግን አጋነንኩት። ባለቤቴን አስጠርተው፣ «ይዘሃት ውረድ» አሉት። ፊቱ ዐመድ መሰለ። እምቢ ማለት ግን አልቻለም።

ዳባት ስንደርስ ማኪናው ቆመ። ወርጄ ልስምሽ ስል፣ «ቦታሽን ይወስዱብሻል፤ ተቀመጪ» ብሎ ብቻውን ሮጠና ስልቻ ተሸክሞ ተመለሰ። ቤትሽ ከመንገዱ ሃምሳ እርምጃ አይሞላም። ብቅ ብለሽ ሳታዪኝ ቀረሽ። ያን ጊዜ አንቺንም ጠረጠርኩሽ። ልጄ ካልወለደችለት ሌላ ይያዝ ብላ ፈቅዳለት ይሆናል አልኩ። ይቅር በይኝ፤ ያሰብኩት እንዲህ ነው።

ከድብ ባሕር ግማሽ ቀን በእግር ቁልቁል ወረድን። የውሃው እንፋሎት ከገደሉ ሥር ሲትጎለጎል ከሩቅ ይታያል፤ ሽታው የተበላሸ እንቁላል ነው። ከነጩ መሬት ጫፍ አንድ ሽማግሌ ረጅም ዘንግ ይዞ፣ ፊቱን እስከ ዓይኑ በነጠላ ሸፍኖ ጠበቀን። ሕመምተኞችን የሚመራው እሱ ነው፤ የአገሩ ሰው አያ ቢያዝን ይለዋል። ባለቤቴን ሲያይ እጁን ዘረጋ። እኔን ሲያይ ግን እጁን ሰበሰበና ዘወር አለ። ይኸም ምሥጢረኛው ነው፣ ሴትዮዋን የሚጠብቅለት እሱ ነው አልኩ በልቤ።

«እኔ የረገጥኩትን ብቻ እርገጪ» አለኝ መሬት መሬቱን እያየ። «ነጩ እንደ ቂጣ ስስ ነው፤ ሥሩ ይፈላል።» የበቆሎ እሸት በገመድ አስሮ ከላይኛው ምንጭ ውስጥ ሰደደው፤ አንድ አቡነ ዘበሰማያት ደግሜ ሳልጨርስ ተቀቅሎ ወጣ። ከምንጩ አፋፍ የፍየል አጥንት ነጥቶ ተጋድሟል። መታጠብ የሚቻለው ቀዝቃዛው ወንዝ ከሚቀላቀልበት ከሦስተኛው ኩሬ ነው፤ እሱም በማለዳ፣ መጀመሪያ በእጅ ጀርባ ተሞክሮ፣ ሰው አጠገብ ቆሞ። ቶሎ መውጣት፣ ጥላ ሥር መቀመጥ፣ ውሃ ቀስ እያሉ መጠጣት ነው። ብዙ የቆየ ሰው ራሱን ስቶ ይወድቃል አለኝ።

«አያ፣ ሰው ሞቶብህ ያውቃል?» አልኩት።

«እዚህ አንድም ሰው አልሞተብኝም» አለ። ዘንጉን መሬት ላይ ተክሎም፣ «በጣልያን ጊዜ በሌላ አገር መንገድ መርቼ ነበር። በዚያ የሞቱት ሞቱ» አለኝ። የመራው ለማን እንደ ሆነ አልጠየቅኩም።

ሁለት ቀን ታጠብኩ፤ ወገቤም ቀለል አለኝ። ልቤ ግን ከኩሬው ማዶ ካለው ጎጆ ላይ ነበር። ባለቤቴ በቀን ሦስት ጊዜ ይገባበታል፤ እኔ ስቃረብ ወሬያቸውን ያቋርጣሉ። በሦስተኛው ቀን ሁለቱ ወደ ወንዙ ሲወርዱ ሴትዮዋን ልይዛት ተነሣሁ። መንገዱ ዞሮ ይሄዳል፤ እኔ በነጩ መሬት አቋረጥኩ። ዐሥር እርምጃ እንደ ሄድኩ ከእግሬ ሥር ተሰነጠቀ። ግራ እግሬ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ሰመጠ፤ እንደ ምንም መንጭቄ አወጣሁት። ዙሪያዬ ሁሉ ይንጣጣ ጀመር።

«ጥንቅሽ! ባለሽበት ቁሚ!»

ሽማግሌው ነው የጮኸው። ቆምኩ። ዘንጉን አጋድሞ፣ በሆዱ እየተሳበ መጥቶ ጎተተኝ። ነጠላው ወድቆ ነበር። ተሸክሞ ከጎጆው አስገባኝና ቀዝቃዛ ውሃ በእግሬ ላይ ያፈስ ጀመር።

በጎጆው ውስጥ ሴት የለችም። አንድ መደብ አለ። ያ ጋቢ አለ። ከዳባት የመጣው ስልቻ ተሰቅሏል፤ አንገቱ ላይ ያለውን ቀይ ቁራጭ ቆዳ ሳላገባ አንቺ ቤት ሆኜ የሰፋሁት እኔ ነኝ።

«ያን ስም ማን ነገረህ?» አልኩት።

«ባልሽ» አለኝ።

ባለቤቴም ደርሶ ደጃፉ ላይ ቆሞ መሬት መሬት ያያል። እሱ በክርስትና ስሜ ወለተ ሚካኤል ነው የሚለኝ። ጥንቅሽ ብለው የጠሩኝ በዓለም ላይ ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንዷ አንቺ ነሽ።

ወረቀት ከእጅ ስለሚወድቅ ከዚህ በላይ አልጽፍም። ስንመለስ ባለቤቴ ምሥጢሩን እንዳያወጣ ከሠርጋችን በፊት በመስቀል እንዳስማልሽው ነገረኝ። ምክንያትሽን አውቃለሁ፤ ጎረቤቶችሽ እነ ዳኛው በዚያ በጣልያን ጊዜ መንገድ የሞተውን የወንድማቸውን ደም ዛሬም አልረሱም። ግን እናቴ፣ አባቴ በቆላ ንዳድ ሞተ ስትዪኝ የዐሥር ዓመት ልጅ ነበርኩ። ተዝካሩን ስታወጪ እንግዳውን ውሃ ያስታጠብኩት እኔ ነኝ። ምነው ካደግኩ በኋላ እንኳ አላመንሽኝም? ተቆጥቼሻለሁ። ቁጣዬ ግን በዚህ ሳምንት ቀለል እያለ ነው፤ ዐሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ብቻሽን ያንን ይዘሽ እንዴት እንደ ቆየሽ ሳስብ ያስለቅሰኛል።

ስንለያይ ሽማግሌው እስከ ገደሉ አፍ ሸኘን። «እናትሽ… ያ የግራ መንጋጋ ጥርሷ ዛሬም ያማታል?» አለኝ። «ጠይቄ እነግርሃለሁ» አልኩት።

ስለዚህ እየጠየቅኩሽ ነው። ባለቤቴ ይህን አንብቦ ሲጨርስ በቅሎዋን ይጭንልሻል። ለጎረቤት ወገቤን አሞኝ ፍል ውሃ ልወርድ ነው በዪ። መልሱን አንቺው ንገሪው።

የቁስቋሟ እመቤት በመንገድሽ ትቅደምልሽ፤ በጤና አድርሳ በጤና ትመልስሽ።

የምትወድሽ ልጅሽ