ያረገዘው ግንብ

ይድረስ ለማከብርሽና ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፣

እንደምን ከርመሻል እትዬ? ያ ጉልበትሽን የሚይዝሽ ነገር ለቀቀሽ ወይስ አሁንም ደረጃ ስትወጪ ታቃስቻለሽ? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? እኔ ደህና ነኝ እንዳልልሽ ውሸት ከሩቅ እንደሚሸትሽ አውቃለሁ። ታምሜአለሁ እንዳልልሽም አልታመምኩም። እበላለሁ፣ እሄዳለሁ፣ ቢሮ እገባለሁ። ይህንንም የምጽፍልሽ ቢሮ ተቀምጬ ነው። ሰው ሁሉ ምሳ ወጥቷል፤ ውጭው ከጠዋት ጀምሮ ያካፋል።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ሦስት ገጽ ሙሉ ጽፈሽልኝ አታውቂም። ሁለቱን ገጽ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ሦስተኛው የባልና ሚስት ጉዳይ መሆኑን ከመጀመሪያው መስመር ሳይ አፍሬ አጠፍኩት፤ መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ። «ያንን የሽማግሌ ወረቀት ደብቅልኝ፤ ሰውዬው ግቢያችንን ሊነጥቀን ነው፤ ባዘልኩህ ጀርባዬ ይዤሃለሁ» ብለሽኛል። እትዬ፣ በሌላ በምንም ብትይዢኝ ይሻል ነበር። እናታችን ከሞተች በኋላ ያ ጀርባ ባይኖር እኔ የት እገኝ ነበር? ስለዚህ አልደብቅም ወይም እደብቃለሁ ከማለቴ በፊት የሆነውን ሁሉ ከስሩ ልንገርሽ። ከዚያ በኋላ ብትረግሚኝም እችለዋለሁ።

ሰው ሲጠይቅሽ «ወንድሜ ፍርድ ቤት ነው የሚሠራው» ትያለሽ እንጂ ምን እንደምሠራ ጠይቀሽኝ አታውቂም። ኮሪደሩ መጨረሻ፣ ከመጸዳጃ ቤቱ አጠገብ፣ በሯ ሲከፈት የምትጮህ አንዲት ክፍል አለች፤ እሷ ናት የኔ። የዳኝነት ክፍያ መክፈል የማይችል ሰው ክሱን በድሃ ደንብ ሲያቀርብ መጀመሪያ የሚያርፈው እኔ ጠረጴዛ ላይ ነው። ሁለት ነገር አጣራለሁ። ሰውዬው እውነት ድሃ ነው ወይ? ክሱስ እውነት ክስ ነው ወይ? ከዚያ ግማሽ ገጽ አስተያየት ጽፌ ለዳኛዋ እልካለሁ። እሳቸው ጠረጴዛ ላይ በቀን ሰባ ፋይል ይቆለላል፤ እኔ «ውድቅ ይሁን» ካልኩ ውድቅ ነው። ማጣሪያው እስኪያልቅ ተከሳሹ ምንም አይሰማም፤ እንዲሰማም አይፈቀድም። ከፍሎ የሚከስ ሰው በፊት ለፊት በር ይገባል፣ ክሱ የእብድ ክስ ቢሆንም። የሚጣራው የድሃ እብደት ብቻ ነው።

እብደት አላጣሁም ደግሞ። ጎረቤቴ ሕልሜን እየሰረቀ ያልማል ብሎ የከሰሰ አለ። ፀሐይ ከሰፈሩ ሰው መርጣ እኔን ብቻ አጠቆረችኝ ያለች ሴት አለች። እኔና ጸሐፊዬ እንዲህ ያለውን የምንከትበትን መሳቢያ «ጨረቃ» ብለን ስም አውጥተንለታል። «ይሄ ጨረቃ ነው» እንባባልና እንስቃለን። ያ ሳቅ ባይኖር ያቺ ክፍል ሰው አታስቀምጥም ነበር።

ከአምስት ሳምንት በፊት አንድ ሽማግሌ መጡ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ግንበኛ ነበሩ። ያ ግድግዳ ቀጥ ማለቱ የሚለካበትን ቱንቢ እስካሁን ኪሳቸው ይዘውት ይዞራሉ፤ ሰፈራቸው ውስጥ ጋሽ ቱንቢ ካላልሽ የሚያውቃቸው የለም። አግዳሚው ላይ ተራ ሲጠብቁ ክሩን አውጥተው የክፍሌን በር ለኩት። «ልጄ፣ በርህ ሁለት ጣት ዘሟል፤ የሚጮኸው ለዚያ ነው» አሉኝ። ወደድኳቸው። ንብረታቸውን በመሐላ ሲያስመዘግቡ «አንድ አልጋ፣ አንድ ቱንቢ፣ አንድ የልስን ማንኪያ፣ አራት የልጅ ልጆች» አሉ። የልጅ ልጅ ንብረት አይደለም ብዬ ሰረዝኩት። «እንግዲያው ሌላ የለኝም» አሉና ፈረሙ።

ክሳቸው በእጅ የተጻፈ ነበር። የመጀመሪያው መስመር እንዲህ ይላል፦ «ከቤቴ በላይ ያለው ግንብ አርግዟል። ሳይወልድ ፍርድ ቤቱ ይድረስልኝ።» ሽማግሌው ከወጡ በኋላ ለጸሐፊዋ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። «አባቱ ማን እንደሆነ ጠየቅሃቸው?» አለችኝ። ሆዳችንን ይዘን ሳቅን፤ እሷ እንባዋን በመሐረብ እስክትጠርግ ድረስ። ሁለተኛውን መስመር አላነበብኩም። «ጨረቃ» አልኩና ውድቅ እንዲሆን ጽፌ ማኅተሙን መታሁበት።

አንቺ ግን የሥራ ተቋራጭ ሚስት ነሽ። አሁን እጅሽን አፍሽ ላይ እንደጫንሽ ይታየኛል። ግድግዳ ከመሐሉ ወደ ውጭ ሲነፋ ግንበኞች «አረገዘ» እንደሚሉ አንቺ ታውቂያለሽ። ለኔ ማን ነገረኝ? እኔ የወረቀት ሰው ነኝ።

በሁለተኛው ሳምንት ተመልሰው መጡ። ከፍርድ ቤቱ አጥር ስር የሚቀመጠው ማመልከቻ ጸሐፊ በሕግ ቋንቋ አሳምሮ ጽፎላቸዋል። ድጋፍ ግንቡ ተነፍቷል፣ ተሰንጥቋል፣ ዝናብ ከበረታ ከስሩ ባሉት አሥራ አንድ ቤቶች ላይ ይናዳል ይላል። የዚያን ቀን እስከ መጨረሻው አነበብኩ። ተከሳሽ የሚለው ቦታ ላይ የጋሼን ስም አየሁ። ያንቺ ባል፣ ያንቺ ጓሮ፣ እኔ በየበዓሉ ወንበር ይዤ የምቀመጥበት ግቢ ግንብ።

ደንቡ ግልጽ ነው። ተከሳሹ ዘመድህ ከሆነ ፋይሉን ለሌላ ሰው አስረክበህ እጅህን ታነሳለህ። እኔ በሩን ዘጋሁና ለጋሼ ደወልኩ። እንዲሰማ የማይፈቀደውን ነገር በገዛ አፌ አሰማሁት። ምሳ ሰዓት መጥቶ ጋበዘኝ። ሽማግሌው ጃጅቷል፣ ሥራ ከለቀቀ ወዲህ ያገኘውን ግድግዳ ሁሉ ሲነካካ ነው የሚውለው አለኝ። ዝናቡ ሲያበቃ አሳድሰዋለሁ አለ። እኔም ስመለስ «ጉዳት ገና ያልደረሰ በመሆኑ የክስ ምክንያት የለም» ብዬ ጻፍኩ። ሕጉን አገላብጬ ያገኘሁት ያማረ ቃል ነው። የመጀመሪያው ማኅተም ስህተት ነበር እትዬ። ሁለተኛውን ስህተት ብዬ ልጠራው አልችልም።

ውሳኔውን ስሰጣቸው ቆመው ቀስ ብለው አነበቡት። «ጉዳቱ ሲደርስ ደግሞ ማን ይምጣ ልጄ?» አሉኝ። ቁጣ የለበትም፤ የምር ነበር የጠየቁኝ። ወረቀቱን እንዳይጨማደድ አድርገው አጥፈው ደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት።

ባለፈው ሳምንት ሦስተኛውን አቀረቡ። አንድ ክስ ሦስት ጊዜ ውድቅ ከሆነ እኛ ጋ ዳግመኛ አይታይም። ያንቺም ደብዳቤ በዚያው ቀን ደረሰኝ። ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አድርጌ ስመለከት ዋልኩና ሰኞ ዕለት ግንቡን በዓይኔ ላየው ሄድኩ።

አንቺ ከላይ ነሽና ግንቡን አይተሽው አታውቂም። በታች በኩል ያለው መንገድ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያሳልፍም። በአንድ ወገን የሰው በር፣ በሌላው ወገን ግንቡ ነው። ጋሽ ቱንቢ የታችኛውን ክፍል ድሮ በወጣትነታቸው ራሳቸው እንደገነቡት ነገሩኝ። በየሁለት ክንዱ ውሃ የሚወጣበት ቀዳዳ ትተውለት ነበር። ጋሼ ግቢውን ሲያሰፋ ሁለት ሜትር ጨምሮበት አፈር ሞላበት፤ ቀዳዳዎቹም በሚወርደው ውሃ ግድግዳውን ስላቆሸሹት በሲሚንቶ አስደፈናቸው። ውሃው መውጫ የለውም። ቱንቢያቸውን ከላይ አንጠለጠሉት። ብረቱ መሬት ሲደርስ፣ መሐል ላይ ግንቡ ክሩን በሆዱ ገፍቶት ነበር። እጄን አስነኩኝ። ቀዝቃዛና እርጥብ ነው። ትከሻዬ አጠገብ አንዲት ሴት የልጆች ልብስ ታሰጣለች፤ የገመዱ አንድ ጫፍ እዚያው ግንብ ላይ በተመታ ምስማር ነው የታሰረው።

ስንጥቁ ላይ ከላይ እስከ ታች ሰባት ቀጫጭን ወረቀት በሊጥ ተለጥፏል። ግንቡ መንቀሳቀሱን የሚያውቁት በዚህ ነው። ወረቀቱን አግድም ይለጥፉና ቀኑን ይጽፉበታል፤ ግንቡ ከሄደ ወረቀቱ ይቀደዳል። ሰባቱም ተቀደዋል። ቀረብ ብዬ ሳይ ፊደሉ የጽሕፈት መኪናችን ፊደል ነው። ሌላ ንጹሕ ወረቀት ስላልነበራቸው የኔን ውሳኔ ቆርጠው ነው የለጠፉት። ፊርማዬ ያለበት ከመሐል ለሁለት ተከፍሏል፤ በመካከሉ ጣቴ ይገባል። ጋሽ ቱንቢ ክራቸውን መጠቅለል ጀመሩ። እኔ ግን እዚያው ቆሜ አለቀስኩ፤ ልብስ የምታሰጣው ሴት ሰው የሞተብኝ መስሏት ወንበር አወጣችልኝ።

ስለዚህ እትዬ፣ አልደበቅኩልሽም። ዛሬ ጠዋት ዳኛዋ ጋ ገብቼ የሳቅኩትንም፣ የደወልኩትንም፣ የጻፍኩትንም ተናገርኩ። መነጽራቸውን አጥልቀው ሦስቱንም ክስ አነበቡ። ከዚያ ክሱን ተቀብለው መጥሪያው ዛሬውኑ እንዲደርስ አዘዙ፤ ለከነገ ወዲያ ቀጠሩት። እኔን ደግሞ ቁልፍህን ለጸሐፊዋ አስረክብ አሉኝ። ከነገ ጀምሮ ሥራ የለኝም ማለት ነው። ጋሼን ለፍርድ ያቀረብኩት እኔ ነኝ፤ ይህን የምጽፍልሽ ከሌላ ሰው እንዳትሰሚው ብዬ ነው። የአሥራ አንድ ቤት ሰው ከግንቡ ስር ተኝቶ ሳለ ጀርባሽን አስቤ ወረቀት ልደብቅ አልቻልኩም።

አሁን ያጠፍኩትን ሦስተኛ ገጽ ዘርግቼ እያነበብኩ ልመልስልሽ።

ጋሼ ከተለወጠ ሦስት ሳምንት ሆነው፣ ሴት ይዟል፣ ወንድ ለወንድ ጠይቅልኝ ብለሻል። ወገቤን አመመኝ ብሎ ከበሩ አጠገብ ያለችው የዘበኛ ክፍል ውስጥ ይተኛል። መኪናውን ከጓሮ አውጥቶ መንገድ ላይ ያሳድራል። የቤቱን ካርታ ከቁም ሳጥኑ ወስዷል። ልጆቹን ትምህርት ሳይዘጋ እናቱ ጋ አድርሷቸዋል። ቤቱ ጭር ስላለብሽ መኝታ ቤትሽን ዘግተሽ ትውያለሽ።

ወገብ ሲያም ዘበኛ መሆን ጥሩ መድኃኒት ነው ብዬ ልቀልድብሽ ጀምሬ ነበር።

ሦስት ሳምንት አልሽኝ እትዬ? እኔ ለጋሼ ከደወልኩለት ሦስት ሳምንቴ ነው። ሰኞ ዕለት ጋሽ ቱንቢ አንድ ነገር ነግረውኝ ነበር፤ የዚያን ጊዜ አልከበደኝም። ከሦስት ሳምንት በፊት አንድ ደህና ጫማ ያደረገ ሰው መጥቶ ግንቡን በመዶሻ መታ፣ ጆሮውን ለጥፎ አዳመጠ፣ ቀና ብሎ ወደ ላይ አየና ሰላም ሳይል ሄደ፤ ያ ሰው ጋሼ መሆኑ አሁን ነው የገባኝ። ልክ ከግንቡ በላይ ያለችው አረንጓዴ መጋረጃ ያላት መስኮት ያንቺ የመኝታ ቤት ናት። እኔ እንደ ሞኝ የታቾቹን ብቻ ነበር የማስበው።

ጋሼ በዚያ ምሳ ላይ ያለኝን ሁሉ አልነገርኩሽም። «አንተ ደግሞ፣» ነው ያለኝ፣ «አደጋ ቢኖረው ሚስቴን እዚያ ላይ አስተኛት ነበር? ዳኛም ቢጠይቅ መልሴ ይሄው ነው።» ያንን ሰምቼ ነው አምኜው ማኅተሙን የመታሁት። ለካ መልሱ አንቺ ነሽ፤ ራሱን፣ መኪናውን፣ ካርታውንና ልጆቹን አውጥቶ አንቺን እዚያው ተወሽ።

እስክሪብቶውን አስቀምጬ ሦስት ጊዜ ደወልኩልሽ። ስልክሽ ዝግ ነው። ተቀይመሽኝ ይሁን ሌላ ሰው ዘግቶት አላውቅም። ይህን ከመጻፌ በፊት ቅዳሜ ዕለት ላነጋግርሽ መጥቼ ዘበኛው ከበር መልሶኛል፤ ታዝዣለሁ ነው ያለኝ። መጥሪያ የያዘን ሰው ግን መመለስ አይችልም። መጥሪያ አድራሹ እታች ሞተሩን አስነስቶ እየጠበቀኝ ነው፤ ይህን ደብዳቤ በእጅሽ ሳያስጨብጥ እንዳይመለስ አስምዬዋለሁ። እኔም ከኋላው እየሮጥኩ እመጣለሁ። ካፊያው ወደ ዶፍ ተለውጧል፤ መስኮቱ አያሳይም።

እትዬ፣ ሴት የለችም። ሴት ብትኖር ይሻለን ነበር።

ቆመሽ የምታነቢ ከሆነ እንዳትቀመጪ። ልብስ አትሰብስቢ፣ ምድጃ አጥፉ አታጥፉ አትበይ፣ ባልሽን ልጥራ አትበይ። በፊት በር ውጪና መንገዱን ተሻግረሽ ጠብቂኝ። ጉልበትሽ ቢይዝሽ መጥሪያ አድራሹ ይደግፍሽ፤ ዛሬ ማዘል የኔ ተራ ነው፣ እስክደርስ ብቻ ታገሺኝ።

ዕድሜሽን ያርዝመው፤ አምላክ ካንቺ ፊት ይቅደም፤ ከዚያ ቤት በእግርሽ ያስወጣሽ።

ያዘልሽው ወንድምሽ