ያልተሸኙት ነጋዴዎች

ለምሳሳልሽ እናቴ፤

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? ደረጃው ላይ አሁንም ግድግዳውን ይዘሽ ነው የምትወጪው ወይስ ታናሼ ያንን መደገፊያ ሠራልሽ? እንቅልፍስ ይወስድሻል? ዓይንሽስ እማዬ፣ ከሁሉም በላይ ዓይንሽስ? ሽንኩርቱን አሁን በእጅሽ ዳብሰሽ እንደምትመርጪ እህቴ ነግራኛለች። እኔ በአካሌ ደህና ነኝ፤ እበላለሁ፣ እተኛለሁ። ሌላውን ግን ዛሬ ሳልደብቅ ልነግርሽ ነው ብዕር ያነሳሁት። በስልክ ሲሆን ድምፅሽን ገና ስሰማ «ደህና ነኝ» የሚለው ቃል ይቀድመኛል። አንቺ ደግሞ እህቴ፣ ስታነቢላት እየዘለልሽ እንዳይሆን። አውቅሻለሁ።

ሥራዬ ምን እንደሆነ ስትጠይቂኝ «ኮምፒውተር ነው» እያልኩ አልፍሽ ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው። አለቃዬ የኮምፒውተር ጨዋታ ያሠራል። ተጫዋቹ ባዶ መሬት ይሰጠዋል፤ እዚያ ላይ ሰው ያሰፍራል፣ ቤት ያሠራል፣ ያሳርሳል፣ ጉድጓድ ያስቆፍራል። ለሰፋሪዎቹ የጎደለውን ደግሞ ከሩቅ ከሚመጡ ነጋዴዎች ተከራክሮ ይገዛል። ነጋዴዎቹ ምን እንደሚሉ፣ መቼ እንደሚቀንሱ፣ መቼ እንደሚያኮርፉ የምጽፈው እኔ ነኝ። አየሽ፣ ተምሬ ተምሬ ዞሬ ያንቺው የገበያ መደብ ላይ ቁጭ አልኩ።

ሌላ ምን አውቃለሁና? ያንቺኑ ነው የጻፍኩት። የእኔ ነጋዴ በሩ ላይ እንደደረሰ ዋጋ አይጠራም። መጀመሪያ ጤና ይጠይቃል፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ልጆቹ ያወራል። ከዚያ ሰማይ የነካ ዋጋ ይጠራል፤ ገዢው ይስቅና ጥሎት ይሄዳል፤ ነጋዴው ደግሞ «ኧረ ና ተመለስ፣ እስቲ አንተ ስንት ትላለህ?» ይለዋል። ሲስማሙ ገዢው እስከ በር ይሸኘዋል። ካልተሸኘ አይሄድም፤ እንዲያ አድርጌ ነው የሠራሁት። እንግዳ ሳይሸኝ ይሄዳል እንዴ?

አለቃዬ የሚጮህ ሰው አይምሰልሽ፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም። ፓስፖርቴን ግን ገና እንደመጣሁ «እንዳይጠፋብሽ» ብሎ መሳቢያው ውስጥ ቆልፎበታል። የመኖሪያ ፈቃዴም በእሱ ስም ነው፤ እሱ ካልፈረመ ወደ አገሬም ወደ ሌላ ሥራም መሄድ አልችልም። እኔና ሌሎቹ ሠራተኞች የምንተኛው ከሥራው ክፍል በላይ ስለሆነ ከአልጋዬ ወንበሬ ድረስ ውጭ መውጣት አያስፈልገኝም። መስኮቱ የሚከፈተው ክንድ የሚያሳልፍ ያህል ብቻ ነው። ከታች ያለውን ዳቦ ሻጭ በአናቱ ነው የማውቀው፤ ፊቱን አይቼው አላውቅም።

ሐኪሙ የዓይንሽ ሞራ ሳይጠነክር ቶሎ ካልተገፈፈ ብርሃኑ ሊቀር ይችላል ማለቱን፣ አንቺ ደግሞ «ልጄ ሳትመጣ ማንም አይነካኝም» ማለትሽን ስሰማ፣ ሄጄ አለቃዬን እንዲለቀኝ ለመንኩት። «ተጫዋቾቹ ድርድሩ ረዘመብን እያሉ ነው። አሳጥሪልኝና ትሄጃለሽ» አለኝ። በአንድ ቁልፍ ተጀምሮ በአንድ ቁልፍ የሚያልቅ ግብይት ነው የፈለገው። ላም አለኝ በሰማይ እንዳይሆን ብፈራም መቁረጥ ጀመርኩ። የጤናውን ጥያቄ ቆረጥኩ፤ ዝናቡን፣ ልጆቹን፣ ሳቁን፣ ጥሎ መሄዱን ቆረጥኩ። በእያንዳንዱ አንቺን ከመደብሽ የማስነሳሽ ይመስለኝ ነበር። በዚህ መንገድ እየቀረብኩሽ ነው ብዬ ቀጠልኩ።

ሽኝቱንም ቆረጥኩት። ጉዱ የመጣው ከዚያ ነው። በማግስቱ ሞካሪዎቹ ጨዋታውን ሲከፍቱት፣ የመጀመሪያው ነጋዴ በአንድ ቁልፍ ሸጦ፣ ገንዘቡን ተቀብሎ፣ በሩ ላይ ተገትሮ ቀረ። ሌላው መጣ፤ እሱም ሸጠና ቆመ። ሳይሸኙ እንዳይሄዱ ያደረግኳቸው እኔ፣ ሽኝቱን ያጠፋሁባቸውም እኔ። በሩ በሰው ተዘጋ፤ አህዮቻቸው የሰፋሪውን ገብስ ጨርሰው መንደሩን አስራቡት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ። ራሰ በራ እያልን የምንጠራው ሞካሪ «እነዚህም ፓስፖርታቸው መሳቢያ ውስጥ ነው እንዴ?» አለ። ሁላችንም ሳቅን። ከዚያ ወደየስክሪናችን ዞርን።

ግብይቱ ሲያልቅ ነጋዴው በራሱ እንዲሄድ አድርጌ አስተካከልኩት። አለቃዬ ደስ አለው። ቃሉን ሳስታውሰው ግን «እንዲህ ጎበዝ ከሆንሽማ እንዴት እለቅሻለሁ? ገና ሰፋሪዎቹ ሲጣሉ የሚታረቁበት ድርድር አለ፤ እሱንም ታሳጥሪልኛለሽ» አለኝ። ብለምነው ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ያኔ አንቺ ያስተማርሽኝን አደረግኩ፤ እንዲጠራኝ ቀስ እያልኩ ጥዬው ወደ በሩ ሄድኩ። አልጠራኝም። ቀና ብሎም አላየኝም። የት ትሄዳለች ብሎ ነዋ! እማዬ፣ ጥሎ መሄድ ለካ የሚያዋጣው መሄጃ ላለው ሰው ነው። በጣም ተናደድኩ፤ መታጠቢያ ቤት ገብቼም አለቀስኩ።

አንዲት ነጋዴ ብቻ አልነካሁም። ሽንኩርት የምትሸጠው አንቺ ነሽ፤ ነጠላሽን አንገትሽ ላይ የምትጠመጥሚበትን ሁሉ ሰጥቻታለሁ። በራሴ ኮምፒውተር ላይ ወሬዋን እንዳለ ትቼላት ምሳ ሰዓት እከፍታታለሁ። «እንዴት ዋልሽ ልጄ? ምነው ከሳሽ?» ትለኛለች። በዚህ ሕንፃ ውስጥ እንዲህ የሚለኝ ሌላ ሰው የለም። ሽንኩርቷን እገዛታለሁ፤ እንዳትሄድብኝ ግን አልሸኛትም። ትናንት ሳያት እዚያው ፀሐይ ላይ ቆማለች፤ ጥላ እንኳ አላበጀሁላትም። አለቃዬን ሆኜባት አረፍኩ።

አንቺም ከአገር ስነሣ አልሸኝም ብለሽ ጓዳ ገባሽ። «ያልተሸኘ ሰው ይመለሳል» አልሽ፤ እኔም ያንን ቃል ይዤ ቆየሁ። ግን እኔን አልመለሰኝም፤ አንቺን ነው ጨለማ ውስጥ አቁሞ ያስቀረሽ።

ታናሼን ሳሚልኝ፤ መደገፊያውን ካልሠራ ግን ሰላምታዬን መልሺልኝ። እህቴ፣ ድምፅሽ እስኪደክም ስላነበብሽ ምርቃቴ ይድረስሽ፤ ያላየኋትን ሕፃንሽን ጉንጯን ሳሚልኝ። ለጎረቤታችን ለልብስ ሰፊው፣ የሠራልኝ ካፖርት ገና አዲስ ነው፣ የምወጣበት አጣሁ እንጂ በሉት። ይህንን ወረቀት በጉያዋ ይዛ የምታወጣልኝን የጽዳት ሠራተኛም በጸሎትሽ አስቢያት።

ለአንቺ ያለኝ ግን ልመና ነው። ይህ ተነቦ ሲያልቅ ተነሺና እስከ በሩ ሂጂ፤ እህቴ ክንድሽን ትይዝሻለች። እዚያ ቆመሽ «ደህና ሁኚ ልጄ» በዪና ሸኚኝ። ከዚያ ሳትውይ ሳታድሪ ሐኪም ቤት ግቢ። እኔም ዛሬ ሽንኩርት ሻጯን ሸኝቻታለሁ፤ ዘንቢሏን አንሥታ ሄደች። የምመጣበትን ቀን አላውቀውም። ስመጣ ግን ፊቴን እንደ ሽንኩርት ዳብሰሽ እንዳትለዪኝ፤ እዪኝ።

ልጅሽ

ከሥራው ክፍል በላይ፣ ከጠባቡ መስኮት ሥር
ጥቅምት ማብቂያ፣ ሐሙስ