በአቮካዶ ዛፍዎ ሥር ሦስት ጊዜ ስለተሰበረው የሞተሬ መብራት

መጋቢት 20 ቀን 1998 ዓ.ም.
ናይሮቢ

ለክቡር አቶ ሐብተማርያም
የእድራችን ሊቀመንበር
ኪሌሌሽዋ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለባለቤትዎ ለወይዘሮ ምርቃት፣ ለልጆችዎ፣ እንዲሁም በዚያው ግቢ እያደረ እስከ ዛሬ አንዲት ጭረት ላልነካችው ለመኪናዎ የፊት መብራት ጭምር የከበረ ሰላምታዬ ይድረስልኝ። ጤናዎ እንዴት ነው? እንቅልፍዎስ? ስለ እርስዎ እንቅልፍ አብዝቼ ማሰብ ከጀመርኩ ይኸው ሦስተኛ ወሬን ያዝኩ።

እርስዎ በሚገባ ያውቁኛል፤ ደብዳቤው ግን ግልጽ ስለሆነ ለማያውቀኝ አንባቢ ስል ራሴን ላስተዋውቅ። ባንታየሁ እባላለሁ። ቀን ቀን ከአንድ የአበሻ ምግብ ቤት ምሳ በሞተር ጭኜ ጊጊሪ ላሉ ቢሮዎች አደርሳለሁ። ከዚህ ሌላ ሰባት ዓመት ሙሉ ያለ ምንም ደመወዝ የእድራችን መልእክተኛ ነኝ። አገር ቤት ዘመድ የሞተበት አባል ሲኖር መርዶውን በስልክ እንዳይሰማ፣ ሽማግሌዎች ንጋት ላይ ገና ከቤቱ ሳይወጣ ተሰብስበው ሄደው ይነግሩታል። እነዚያን ሽማግሌዎች በየሰፈሩ እየዞርኩ የምቀሰቅሳቸው እኔ ነኝ። በዚያ ሰዓት መንገዱ ጨለማ ስለሆነ ሞተሬ የፊት መብራት ያስፈልገዋል። ይህን ለአንድ የእድር ሊቀመንበር በጽሑፍ ማስረዳት ይመጣብኛል ብዬ በሕልሜም አስቤ አላውቅም።

ወደ አቤቱታዬ ልለፍ።

አንደኛ፤ የእድሩ ድንኳንና ወንበር የሚቀመጠው እርስዎ ግቢ ስለሆነ ሞተሬን አንዳንዴ እዚያ ማቆሜ ግድ ነው። ጥር 22 ቀን ወንበር ቆጥሬ ስወጣ የመብራቱን መስታወት ረግፎ አገኘሁት። እርስዎም በታላቅ አዘኔታ መጥተው፣ አቮካዶ ወድቆበት ነው ብለው አስረዱኝ። ስላዘኑልኝ አመሰግናለሁ። ሆኖም መስታወቱ የሚያየው ወደ ፊት ነው፤ አቮካዶ ደግሞ እኔ እስከማውቀው ከላይ ወደ ታች ነው የሚወድቀው። ያ አቮካዶ ከዛፉ ከወረደ በኋላ መሬት ሳይነካ ወደ ጎን ታጥፎ፣ መሪውን አልፎ፣ መስታወቱን ፊት ለፊት መምታቱ በእውነት ጉድ ነው። ፍሬውን ፈልጌ አላገኘሁትም።

ኢስሊ ሄጄ መለዋወጫ የሚሸጠውን ኑሬን አስቸገርኩ። ኑሬ ከአንድ ከተጋጨ ሞተር ላይ ልኩን መስታወት አግኝቶ ቀለበቱን ፈታ፣ ስብርባሪውን በብሩሽ አወጣ፣ ዝናብ እንዳይገባ ዙሪያውን አዲስ ጎማ አልብሶ ገጠመልኝ። እኔም በላዩ ወፍራም ፕላስቲክ ቆርጬ ለጠፍኩበት። ኢስሊ ሞተሬን ሙሉ ቀን ገበያ መሃል ትቼው ብሄድ የሚነካው የለም። ሩንዳም፣ ጊጊሪም እንዲሁ። ናይሮቢ ውስጥ ለሞተር መብራት የሚያሰጋ ቦታ አንድ ብቻ ሆኖ፣ እሱም የእድራችን ሊቀመንበር ግቢ መሆኑ አልጣመኝም።

ሁለተኛ፤ የካቲት 9 ቀን ፕላስቲኩ ተገንጥሎ መስታወቱ እንደገና ተሰበረ። በዚህኛው ጊዜ ጥፋተኛዋ ጦጣ ሆነች። ኪሌሌሽዋ ጦጣ መኖሩን አልክድም፤ ሙዝ ስትሰርቅ በዓይኔ አይቻለሁ። ፕላስቲክ በጥንቃቄ ልጣ አጣጥፋ ኮርቻ ላይ የምታስቀምጥ ጦጣ ግን አላየሁም። ዘበኛውን፣ ያንን ደግ አስካሪ፣ ማን ነው ብዬ ስጠይቀው መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ የእርስዎን መስኮት፣ ከዚያ ጫማውን አየ። እንጀራው ነውና አልፈርድበትም።

ከዚያ ወዲህ የሆነውን ልጻፍ። በሦስተኛው ቀን ሩንዳ የምትኖረው የወይዘሮ ሚዛን ወንድም አገር ቤት ማረፉ ተሰማ። መስታወት ገና አልተገኘም፤ መሪው ላይ የእጅ ባትሪ አስሬ ተነሳሁ። ሊሙሩ መንገድ ላይ አንድ ማታቱ የሚሉት ሚኒባስ ሳያየኝ ቀርቶ ቦይ ውስጥ ወረወረኝ። ሽማግሌዎቹን ሰብስቤ ስደርስ ሁለት ሰዓት አልፎ ነበር። ሚዛን ቀድማ ወጥታ ሥራ ቦታዋ ደርሳለች፤ የወንድሟን ሞት ከማታውቀው ሰው በስልክ ሰምታ፣ አጠገቧ አንድ የሚደግፋት ሳይኖር፣ የቢሮ ደረጃ ላይ ተቀምጣ አገኘናት። ሰባት ዓመት እንዲህ ዓይነት ነገር አሳልፌ አላውቅም። ያን ቀን ያለቀስኩት ለሟቹ ብቻ አልነበረም፤ በንዴትም ነበር።

ሦስተኛ፤ ኑሬ ሌላ መስታወት ገጠመልኝ። እኔም ጊኮምባ ያለ አንድ በያጅ ዘንድ ሄጄ በወፍራም ሽቦ የተሠራ መከለያ አስበየድኩ። በያጁ ይህን ድንጋይም አይበሳውም ብሎ ማለልኝ። እውነቱን ነው፤ ድንጋይ አልበሳውም። መጋቢት 14 ቀን ጠዋት ድንኳን አስረክቤ ስመለስ ሽቦው በእጅ ወደ ውጭ ተፈልቅቆ፣ መስታወቱ ከሥሩ ተሰባብሮ ጠበቀኝ። እርስዎ ደግሞ መከለያው ራሱ አጥብቆት ነው ብለው ፈረዱ። መካኒክነትም እንደሚችሉ ያን ዕለት አወቅሁ፤ እንኳን ደስ ያለዎት።

ክቡር ሆይ፣ ተጠራጣሪ ሰው አይደለሁም ብዬ ልምል ነበር፤ ጾም ስለሆነ ተውኩት። ነገር ግን ሌሊቱን ተገላብጬ ሳስብ ሁልጊዜ የምደርሰው ጥር 15 ቀን ላይ ነው። ወደ ሞምባሳ ከመነሳትዎ በፊት የአባላቱን ስም ዝርዝር እንዳመጣልዎ ያዘዙኝ እርስዎ ነዎት። እኔም እንደታዘዝኩት ንጋት ላይ መብራቴን አብርቼ ግቢዎ ገባሁ። ወይዘሮ ምርቃት በመስኮት የሞተሬን መብራት ሲያዩ፣ ጎንደር ያሉት አባታቸው ታመው ስለነበር፣ መርዶ ነው ብለው ጮኹ። ኧረ የስም ዝርዝር ነው ብል ማን ሰምቶኝ! ጎረቤቱ ሁሉ ነጠላውን እያዘቀዘቀ መጣ፣ ድንኳኑ ግማሹ ተተከለ፣ አባትየው በስልክ ሲገኙ ደግሞ ከቅዳሴ ተመልሰው ቁርስ ላይ ነበሩ። ለምን ታለቅሳላችሁ ብለው ተቆጡ። አገር ሁሉ ሳቀ። እርስዎ ግን አልሳቁም፤ በማግሥቱ ለኮሚቴው የዚህ ሞተር መብራት ገደ ቢስ ነው ማለትዎን ሰምቻለሁ። መስታወቱ መሰበር የጀመረው በሳምንቱ ነው። አጋጣሚ ይሆናል፤ እኔ ምን አውቃለሁ።

አራተኛና ዋናው፤ የፊታችን እሑድ ለሚደረገው ጠቅላላ ጉባኤ የላኩልን አጀንዳ ነው። ተራ ቁጥር ሦስት እንዲህ ይላል፦ መብራት በሌለው ሞተር ይሰጥ የነበረው አገልግሎት ቀርቶ የሞት ዜና በሞባይል አጭር መልእክት እንዲተላለፍ መወሰን። ስለ አርቆ አሳቢነትዎ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። አንድ ሰው ከእንግዲህ ማታቱ ውስጥ ቆሞ፣ በአንድ እጁ ብረቱን ጨብጦ፣ በሌላው የእናቱን ሞት ሊያነብ ነው፤ ያውም ስልኩ አማርኛ ስለማይችል በእንግሊዝ ፊደል። አንብቦ ሲጨርስ የሚይዘው ማን ነው? ወያላው? እኔን ከሥራው ማንሳት ይችላሉ፤ ደመወዝም የለው፣ አይቀርብኝም። ይህን ነገር ግን ለሰው አያድርጉ። እባክዎ። ይህቺን አንዷን ያለ ምንም ሽሙጥ ነው የጻፍኳት።

ስለሆነም ተራ ቁጥር ሦስት እንዲሰረዝና ሞተሬ ከእርስዎ ግቢ ውጭ የሚቆምበት ቦታ እንዲሰጠኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። አራተኛው መስታወት ኑሬ ዘንድ ተዘጋጅቷል፤ እስከ እሑድ የት እንደሚቀመጥ ግን ለማንም አልናገርም።

ከአቮካዶ፣ ከጦጣና ከመጥፎ ዓይን ሁሉ ይጠብቅዎ ዘንድ እየተመኘሁ፣ ወንበርዎን አክባሪ፣ እርስዎን መጠራጠር የማልወድ፣ በጨለማም ቢሆን ታዛዥዎ የሆንኩ፣

ባንታየሁ

ግልባጭ፦
ለእድሩ አባላት በሙሉ
ለግቢው አስካሪ (አማርኛ ባያነብም ያየውን ያውቃልና)
በከንቱ ስሙ ለጠፋው ለአቮካዶው ዛፍ

ማስታወሻ፦ ባለፈው እሑድ ቤተ ክርስቲያን ቀኝ እጅዎ በፋሻ ተጠቅልሎ ባየሁ ጊዜ ደነገጥኩ። ምን ነካዎት ላለዎት ሰው ሁሉ፣ ሐሙስ ጠዋት ሥጋ ስከትፍ ቢላ አዳልጦኝ ነው እያሉ ሲመልሱ ከጀርባዎ ቆሜ ሰምቻለሁ። እግዚአብሔር ይማርዎ። ሐሙስ መጋቢት 14 ነበር፤ የሁዳዴ አራተኛ ሳምንት። እንግዲህ እሑድ ጉባኤው ፊት ቆመው ከሁለቱ አንዱን ይምረጡልን፦ ወይ በዐቢይ ጾም ሥጋ ከትፈዋል፣ ወይ ሽቦዬን ፈልቅቀዋል። የመጀመሪያው ከሆነ ለነፍስ አባትዎ ይናዘዙ፤ እኔ አያገባኝም።