በቀን የማይታይ እሳት

ሰኞ
ዶክተሩ የባሌን የደመላሽን የቀኝ እግር ፋሻ ሲፈታ ፊቴን አዞርኩ። ግራው ይድናል። ቀኙ ግን ጠቁሯል፤ «ጥቂት ቀን እንየው» ብሎናል። ደመላሽ ዓይን ዓይኔን ያያል። ስዋሽ ስለሚያውቅብኝ ትራሱን ማስተካከል ያዝኩ።

ያቃጠለው ኤታኖል ነው። ቆላ ያለው፣ እሱ የሚሠራበት ስኳር ፋብሪካ ስኳሩን አውጥቶ ከሚተርፈው ጥቁር ዝልግልግ ሞላሰስ፣ ከቤንዚን ጋር የሚደባለቅ ኤታኖል የሚባል አልኮል ይሠራል። ደመላሽ ዕድሜውን የፈጀው ስኳር ማብሰያው ላይ ነው፤ ወደ ኤታኖሉ ያዛወሩት በቅርቡ። ስኳር ቤት ከወለሉ ሁልጊዜ እንፋሎት ይነሳል። በተቃጠለበት ቀንም ደጅ፣ ፓምፑ ሥር፣ አየሩ ሲርገበገብ ሲያይ የለመደው እንፋሎት መሰለው። ገባበት። የፈሰሰ ኤታኖል ተቀጣጥሎ ኖሯል፤ ነበልባሉ ፀሐይ ላይ አይታይም።

ማክሰኞ
እናቱ እማማ አንጓችና አጎቱ አያ ደሴ ከአገራቸው ከአማኑኤል ከተማ መጡ። አያ ደሴ ኮሪደር ላይ ያዙኝ። «የማይታይ እሳት የሰይጣን ነው፤ ጠበል ይወሰድ።» ቁስሉን ውሃ አይንካው ተብሏል ብል ማን ሰምቶኝ። አስተማሪ ነኝ፤ አንድ ክፍል ሙሉ ልጅ ዝም አሰኛለሁ፣ አንድ አያ ደሴ አቃቱኝ።

ዝም ያሰኟቸው እማማ ናቸው። ልጆቻቸውን ያሳደጉት አረቄ እያወጡ ነው። «ጥንካሬውን ስፈትን እለኩሰዋለሁ። ጓዳ ገብቼ ነው እንጂ ፀሐይ ላይማ መች ይታያል» አሉ። ከዚያ ደረታቸውን መቱ። «ይህን ለልጄ ሳልነግረው።»

አብሬያቸው አለቀስኩ።

ረቡዕ
ትኩሳት። ምንም አልበላም። የግራ እግሩን ጣቶች አንቀሳቀሰ፣ እሱም ደስታ ሆኖ።

ከሰዓት ዶክተሩ ጠራኝ። ቀኙ ነገ ከጉልበት በታች ይቆረጣል፤ ካልሆነ እሱንም እናጣዋለን። ለደመላሽ የነገርኩት እኔ ነኝ። ግድግዳውን እያየ «ለእማዬ አትንገሪያት» አለኝ። እማማ በሩ ላይ ቆመው ነበር።

ሐሙስ
ከኦፕራሲዮን ወጣ። ይተነፍሳል። ዛሬ ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ዓርብ
እማማ እግሩን ስጡኝ አሉ። ነርሷ ግራ ገባት፤ እኔ ገባኝ። የልጃቸው አካል ነው፣ ይቀበራል እንጂ አይጣልም። ሆስፒታሉ ጠቅልሎ የሰጣቸውን በነጠላቸው ደግመው ጠቅልለው ያዙ፤ ከአያ ደሴ ጋር መናኸሪያ ሸኘኋቸው። የሚኒባሱ ረዳት «እማማ፣ ዕቃዎን ላይ ልጫንልዎ?» አላቸው። «ተወው ልጄ፣ አይከብደኝም» አሉት። አያ ደሴ ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ።

ቅዳሜ
እማማ ደወሉ። እግሩን ከአባቱ መቃብር ጎን አሳርፈውታል፤ ቄሱም ጸሎት አድርሰዋል። ለደመላሽ ነገርኩት። «እንግዲህ እዚያው ይጠብቀኝ» አለ።

ቆይቶ ሾርባ አለ ወይ አለኝ። ቀዝቅዟል፣ እሳት ላሳየው ብዬ ስነሳ እጄን ያዘኝ። «ተይው፣ እንዲሁ ስጪኝ።» ሳያስተርፍ ጠጣው።